12 ሰዓት በደሴ

ከወገል ጤና እስከ ደሴ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ቅርብ ይመስላል። ሲሄዱበት ግን ቀኑን ይበላል። መጀመሪያ የደላንታ ሜዳ አለ። አፈሩ ጥቁር ነው። ምስርና ሽምብራ ያበቅላል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ይቆፈራል። የሜዳው ጫፍ ላይ ሲደርሱ መሬቱ ድንገት ይከፈላል። ከታች በሽሎ ይታያል።

አውቶቡሱ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፣ እንደገና ይወርዳል። ደጋ ላይ የለበሱትን ጋቢ ታች ሲደርሱ ያወልቁታል። ወንዙን ተሻግረው ሽቅብ ሲወጡ መልሰው ይለብሱታል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ይህንኑ የበሽሎን ገደል መሻገር ነበረባቸው። መንገድ አልነበረም። ድንጋዩን እያስፈለጡ፣ መንገዱን እያስጠረጉ ነው ያለፉት። ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ከጎናችን የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አጎቴ ግን ሳቅ አሉና «መድፍ ያለፈበትን እኛ አናልፈውም እንዴ?» አሉ።

አጎቴ ገደሉን አላዩትም። ማየት አይችሉም ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ነበር። ወደ ደሴ የሄድነውም ለዚሁ ነው።

የዓይን ሞራ ምንድን ነው? በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ንጹሕ መስተዋት የጠራ ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ነገር ይደፈርሳል። ያን ጊዜ ሰውየው ሁሉን ነገር በጭስ ውስጥ እንዳለ ያየዋል። በጠብታ መድኃኒት አይጠራም። ሐኪሙ የደፈረሰውን ያወጣና በምትኩ የጠራ ሰው ሠራሽ ያስገባል። ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ የሚባል ቦታ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ትልቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። የወሎ ገበሬ ዓይኑ ሲደክም «ቦሩ ሜዳ ውሰዱኝ» ይላል። አጎቴም እንደዚያው አሉ።

አጎቴ ፊደል የቆጠሩት ካቻምና ነው፣ በማታ ትምህርት። አንብበው ሳይጠግቡ ዓይናቸው ደከመ። «ሀብቱን አግኝቼ ቁልፉ ጠፋብኝ» ይሉ ነበር።

ደሴ የደረስነው ሰኞ ማታ ነው። ደሴን ያላየ ሰው ቢኖር እንዲህ ናት። ጦሳ የሚባል ተራራ ከላይ ቆሟል። ከተማዋ ከሥሩ ተቀምጣለች። ጉሙ ከተራራው ወርዶ በየመንገዱ ይገባል። መብራቱ በጉም ውስጥ የበሰለ ሎሚ ይመስላል። ብርዱ አጥንት ይገባል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደስዬ» አሉት ይባላል። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አደረጓት። የግብር አዳራሻቸው ስም አይጠየፍ ነው። ድሀውንም ባለጠጋውንም ሳይጠየፍ ያበላ ስለ ነበር ነው ይላሉ። እንግዲህ ደሴ እንግዳ መቀበል ከጥንትም ልማዷ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ልጆች «አልጋ! አልጋ!» እያሉ ይጮሃሉ። አንዱ የአጎቴን ከረጢት ተሸክሞ ወደ አንድ ሆቴል ወሰደን። የሆቴሉን ስም አልጽፍም። ትንሽ ናት፣ ንጹሕም ናት። መቀበያው ላይ አንዲት ወጣት ልጅ ተቀምጣለች። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል 600 ብር ነው አለችን፤ ለአንድ አዳር።

«ከነቫቱ ነው ወይስ ቫት ይጨመርበታል?» አልኳት።

«ከነቫቱ ነው።»

ይህን በመጠየቄ ኮራሁ። ቫት የሚባለው ግብር ከመቶ 15 ብር ነው። «600 ነው» ተብለህ ገብተህ፣ ስትወጣ «ከቫት በፊት ነው ያልንህ» ቢሉህ፣ በ600ው ላይ 90 ብር ይጨመራል። 690 ብር ይሆናል። በዚህ የተጎዳ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠየቅሁ። ሌላውን ነገር ግን አልጠየቅሁም።

ልጅቱ መታወቂያችንን ተቀብላ በትልቅ መዝገብ ጻፈች። ስማችንን ጻፈች። የመጣንበትን ጻፈች። የገባንበትን ሰዓት ጻፈች። ይህን መዝገብ አስታውሱት፤ በኋላ ይመጣል።

ማክሰኞ አጎቴ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። የሐኪሙ ሥራ ብዙም አልቆየም። ያደረው ወረፋው ነው። ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታሽጎ ወደ አልጋችን ተመለስን። ሌሊቱን ሙሉ እየነቁ «ነጋ?» ይሉኛል። «አልነጋም አጎቴ፣ ይተኙ» እላቸዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነርሷ ጨርቁን ፈታች። አጎቴ ዓይናቸውን ገለጥ፣ ከደን፣ እንደገና ገለጥ አደረጉ። ዝም አሉ። ነርሷ ሦስት ጣት አሳየቻቸው። «ሦስት» አሉ። ቀጥሎ «ቀለበትሽ ወርቅ ነው?» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። የሚጨመር ጠብታ ሰጡን። ሁለተኛ ብልቃጥ ደግሞ ይህ ሲያልቅ ከመድኃኒት ቤት እንድንገዛ ነገሩን።

5 ሰዓት ላይ ሆቴላችን ተመለስን። አጎቴ አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ። ግን አልተኙም። ክፍሉን በዓይናቸው ይዞሩታል።

«ግድግዳው አረንጓዴ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ አረንጓዴ ነው።»

«እኔ እኮ አመድ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ በሩ አዩ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እንደ ልጅ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። «ው-ድ እን-ግ-ዶ-ቻ-ችን። የ-መ-ው-ጫ ሰ-ዓ-ት 12።» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላነበበ ሰው ነው ያነበበው። እኔ ከእንቅልፍ እጦት የተነሣ ዓይኔ ተከድኗል። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። «ጎበዝ አጎቴ» አልኩ።

«እንግዲያ ጊዜ አለን» አሉ። «12 ድረስ ብዙ ነው። ትንሽ ልረፍ። ከዚያ ኩታበር ዘመድ ቤት እናድራለን።»

ተኛን። ሁለታችንም ተኛን።

ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ከረጢታችንን ይዘን ወረድን። አጎቴ ልባቸው ሞልቷል። ለልጅቱ ቁልፉን ሰጧትና «ስንት ነው የኔ ልጅ?» አሏት። እሷም ከደብተር ቀዳ ሒሳቡን ጻፈችልን። ወረቀቱ ይህን ይላል፦

አልጋ፣ 3 ቀን፦ 1,800 ብር
ልዩ ልዩ፦ 150 ብር
ድምር፦ 1,950 ብር

አጎቴ ወረቀቱን ራሳቸው አነበቡ። ቀስ ብለው ነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሦስት ምን?» አሉ።

«ሦስት ቀን፣ አባባ።»

«ሰኞ አደርን። ማክሰኞ አደርን። ሦስተኛው ማን ነው?»

«ዛሬ ነው፣ አባባ። ሰዓት አሳልፋችኋል። የመውጫ ሰዓት 12:00 ነው። በሩ ላይ ተለጥፏል እኮ።»

«አንብቤዋለሁ» አሉ አጎቴ። «ታዲያ 12 ሰዓት መች ሆነ? ገና 10 ነው።»

ልጅቱ ትንሽ ዝም አለች። «12:00 ማለት 6 ሰዓት ማለት ነው» አለች።

አጎቴ እኔን አዩኝ። መልሰው እሷን አዩ። «12 ስድስት ከሆነ፣ 600ውም 300 ይሁና!» አሏት።

ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ልጅቱ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ነገሩ አሁን ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ ጋር ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሌሊቱ 12 ሞላ እንላለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ 1 ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን 6 ሰዓት ነው። ስትጠልቅ እንደገና 12 ነው። ፈረንጆች ግን ቁጥራቸውን የሚጀምሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ የእነሱ ሰዓት ከእኛ በ6 ይለያል። የኛ 1 ሰዓት ጠዋት የእነሱ 7 ነው። የኛ 6 ሰዓት ቀን የእነሱ 12 ነው። አውሮፕላን ጣቢያና ትልልቅ ሆቴል ቤት የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህች ትንሽ ሆቴልም ወረቀቱን ከሌላ ሆቴል ገልብጣ ለጥፋለች። ፊደሉን ወደ አማርኛ መለሱት። ቁጥሩን ግን እንዳለ ተዉት።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ያን ወረቀት ቀና ብዬ ባየው ወዲያው ይገባኝ ነበር። አላየሁትም። አጎቴ ግን በአዲሱ ዓይናቸው አነበቡት፤ የተጻፈውንም አመኑ።

አሁን ገንዘቡን ላስላ። አጎቴ በጨርቅ የቋጠሩት 2,300 ብር ነበር። እንዳሰብነው 1,200 ብንከፍል 1,100 ይተርፋል። መሳፈሪያችንና ሁለተኛው የጠብታ ብልቃጥ ከዚያ ነው። 1,950 ብንከፍል ግን የሚተርፈው 350 ነው። ለሁለት ሰው መሳፈሪያ እንኳ አይበቃም። እኔ በስልኬ ቴሌብር ውስጥ የነበረኝ 40 ብር ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ አፈርኩ። ሰው ያየናል። «እንክፈልና ለዘመድ ደውለን እንበደር» አልኳቸው በጆሯቸው። አጎቴ ጮክ ብለው «ለምን?» አሉኝ። «ያላደርኩበትን ሌሊት ለምን እገዛለሁ?»

ልጅቱ ሥራ አስኪያጁን ጠራች። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ትሑት ነው። ለአጎቴ ወንበር አቀረበላቸው። «አባቴ» አላቸው፣ «ይህ በየሆቴሉ ያለ ሥርዓት ነው። እንግዳ በ6 ሰዓት ካልወጣ ክፍሉ አይጸዳም። አንሶላው አይቀየርም። ማታ የሚመጣው እንግዳ የት ይተኛል?»

ይህ እውነት ነው። አጎቴም «እውነት ነው» አሉ። «በ6 ውጡ ብላችሁ ብትጽፉልኝ በ6 እወጣ ነበር። 5 ሰዓት ላይ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረኝ። 12 ብትሉኝ ተኛሁ።»

እኔም አሁን እፍረቴ ለቀቀኝ። መናገር ጀመርኩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ለሸጠውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዘዘ መሆኑን ተናገርኩ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁም «ወንድም፣ ደረሰኝ ስትከፍል ከማሽኑ ይወጣል። ሰዓቱ ግን ለጥፈናል፤ ተለጥፎ አንብባችኋል» አለኝ። አዋጁ አልረዳኝም። ዋጋ መለጠፍ አንድ ነገር ነው። የተለጠፈው 12 የማን 12 ነው የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ጉዳዩን የፈቱት አጎቴ ናቸው። «ያ ሰኞ ማታ የጻፍሽው ትልቁ መዝገብ የታለ?» አሏት ልጅቱን። መዝገቡ መጣ። «ስማችን ያለበትን ግለጪልኝ።» ገለጠች። አጎቴ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ሄዱ። ስማቸውን አገኙ። ቀጥሎ ያለውን አነበቡ፦ «የገ-ቡ-በት ሰ-ዓ-ት፣ 1 ከ20።»

ቀና አሉ። «ሰኞ የገባነው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉት ሥራ አስኪያጁን።

«ማታ 1 ሰዓት ከ20 ይላል።»

«በማን ሰዓት?»

ሰውየው ዝም አለ።

«በኛ ሰዓት ነው» አሉ አጎቴ። «ስንገባ በኛ ሰዓት ጻፋችሁ። ስንወጣ በፈረንጅ ሰዓት አስወጣችሁን። በአንድ ቤት ሁለት ሚዛን አለ እንዴ? እኔ እህል ስሸጥ በአንድ ቁና ነው የምሰፍረው።»

ሻይ ጠጪዎቹ አሁን አልሳቁም። አንድ ሾፌር የሚመስል ሰው ከወዲያ ሆኖ «እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ከፍያለሁ» አለ።

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን አየው፣ ወረቀቱን አየው። ልጅቱን ቀስ ብሎ «ክፍሉን ዛሬ የጠየቀ እንግዳ ነበር?» አላት። «አልነበረም» አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አየሁ። ኋላ እንደ ነገረችን፣ እንግዳ ሰዓት አሳልፎ ሳይከፍል ቢሄድ ከደመወዟ ይቆረጥባታል። እኔ ሌባ አድርጌ አስቤያት ነበር። ያም አጥፊነቴ ነው።

ሰውየው እስክሪብቶ አወጣ። በ3 ላይ ሰረዘና 2 ጻፈ። 1,800ን ሰርዞ 1,200 ጻፈ።

«ይህ 150ስ?» አልኩ እኔ። አሁን ጀግና ሆኛለሁ። «ልዩ ልዩ ማለት ምንድን ነው?»

ልጅቱ መለሰች። «ሙቅ ውሃ ነው። ሦስት ባልዲ ወስዳችኋል። አንዱ 50 ነው።»

እውነት ነው፣ ወስደናል። ሰኞ ማታ እግራችንን ታጠብንበት። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት አጎቴ ለሐኪም ንጹሕ ሆነው ለመቅረብ ገላቸውን ታጠቡበት። ግን ዋጋ አለው ያለን ሰው አልነበረም። እኔም ይህንኑ ተናገርኩ። «ዋጋው ያልተነገረን ነገር አንከፍልም» አልኩ። ያሸነፍን ይመስለኝ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ሊተወው ዳር ዳር ሲል አየሁት።

አጎቴ ግን እጃቸውን አነሡ። «ውሃውን ታጥቤበታለሁ» አሉ።

«ዋጋው አልተነገረንም እኮ፣ አጎቴ።»

«ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ውሃው ራሱ ሞቀ? ሰው ነው ያሞቀው። ያላደርኩበትን አልከፍልም። የታጠብኩበትን እከፍላለሁ።» ጨርቃቸውን ፈቱና 1,350 ብር ቆጠሩ። ልጅቱ ማሽኑን ነካች። ማሽኑ እየተንጫጫ ትንሽ ወረቀት አወጣ። አጎቴ ከድምሩ ጀምረው ወደ ላይ አነበቡት። ስለ ቁጥሮቹ ጠየቁኝ። ቫቱ የቱ ጋ እንደ ተጻፈ አሳየኋቸው። አጥፈው ጨርቃቸው ውስጥ ቋጠሩት።

ከመውጣታችን በፊት ሥራ አስኪያጁ ልጅቱን አዲስ ወረቀት እንድታመጣ አዘዛት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «የመውጫ ሰዓት 6።» አጎቴ አዩትና «ከቀኑ በልበት እንጂ፤ ሌሊት ስድስት የሚመስለው ይኖራል» አሉት። ሰውየው ሳቀ። «ከቀኑ» የሚለውን ከላይ በትንሹ ጨመረ። ጠባብ ስለ ነበር ትንሽ ጠመም ብሏል።

በሚኒባስ ወደ ኩታበር ስንሄድ አጎቴ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው እየከደኑ በቀኙ ብቻ ያያሉ። ከዚያ ቀኙን ከድነው በግራው ያያሉ። የሱቆቹን ሰሌዳ ያነባሉ። «የ-እ-ህ-ል ወ-ፍ-ጮ። መ-ድ-ኃ-ኒ-ት ቤት።» ሚኒባሱ ቶሎ ስለሚያልፍ መጨረሻውን ሳያዩት የሚያመልጣቸው አለ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ምን ይላል?» ይሉኛል።

በመካከል ስለ 150 ብሩ ተከራከርን። እኔ አሁንም መክፈል አልነበረብንም እላለሁ። ሙቅ ውሃ በአልጋው ዋጋ ውስጥ መሆን አለበት፤ ካልሆነም አስቀድሞ መነገር አለበት። አጎቴ «ደሴ ብርድ ናት፤ ውሃ የሚያሞቅልህ ሰው ስታገኝ ዝም ብለህ ክፈል» አሉኝ። አልተስማማንም።

ኩታበር ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አጎቴ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ስልኩ 5:50 ይላል። ጥቂት አሰብኩና «12 ሊሆን 10 ደቂቃ ቀርቶታል» አልኳቸው።